አሥራ ዘጠኝ ረድፍ አበባ

መስከረም 12 ቀን

ለወንድሜ ለአቶ ብሎን፣

ሳንጻጻፍ ብዙ ጊዜ ስለቆየን የተጠራቀመው ሰላምታ ብቻውን አንድ ገጽ ይፈጃል። ስለዚህ ጠቅልዬ ልላከውና ለአንተም፣ ለሚስትህም፣ ለልጆቹም እንደየድርሻችሁ ተካፈሉት። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ትንሽ ያመኛል፤ እሱ ግን ዕድሜ ነው እንጂ በሽታ አይባልም።

ደብዳቤህን ሾፌሩ ያደረሰኝ በገበያ ቀን ነው። እንደ ልማዱ ከአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብሎ «የብሎን እህት!» ሲል ገበያው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሃምሳ ልሞላ ምንም አልቀረኝም፣ ገና የብሎን እህት ነኝ። ስሙ እንዴት እንደወጣልህ ትዝ ይልሃል? የአባዬን ራዲዮ ፈታተህ ብሎኖቹን በአፍህ ይዘህ ስትገጥም እማዬ ድንገት ጠራችህና አንዱን ዋጥከው። ሦስት ቀን ሙሉ ከኋላህ እየተከታተለች «ወጣ?» ስትልህ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ራዲዮው ግን ያለዚያ ብሎን እስከ ዛሬ ይሠራል፤ የባትሪ ድንጋይ ባገኘሁለት ቀን።

«ለምን አትደውይም» ላልከኝ፣ ስልኩን ቻርጅ ለማድረግ ገበያ ድረስ መሄድ፣ ለማውራት ደግሞ ኮረብታው ላይ መውጣት አለብኝ። ኮረብታው ላይ ስደርስ ትንፋሼ አልቆ የምለው ይጠፋኛል። ወረቀት ይሻለኛል፤ ወረቀት ሰው አያቋርጥም።

የጠየቅከኝን ልመልስ። ጉድጓዱን በአባዬ ገመድ ለካሁት። ያ በየክንዱ የቋጠረው ገመድ ነው፣ ታውቀዋለህ። ውሃው ሃያኛው ቋጠሮ ላይ ነው፤ በበጋ አራት ቋጠሮ ይወርዳል፣ ደርቆ ግን አያውቅም። የቤቱ ቆርቆሮ ዝጓል። ማንጎው አለ፣ ጉድጓዱን እንደ ድሮው ከጎን ሆኖ ይጠብቃል።

ስለ ታችኛው ማሳ የሰማኸው እውነት ነው። ናፍጣው ጠይቆኛል። ናፍጣው የምልህ ያ የወፍጮ ቤቱ ልጅ ነው፤ የናፍጣ ፓምፕ ከገዛ ወዲህ ልብሱም ስሙም ናፍጣ ሆኗል። ፓምፑን ለሰፈሩ ሁሉ በተራ ያከራያል፤ ተራ እስኪደርስ ግን ችግኙ አንገቱን ይደፋል። ዘንድሮ «እሱን ማሳ ለኔ ልቀቂልኝና ወንድምሽ ጋ ሄደሽ ዕረፊ» አለኝ። በክፋት አይደለም፣ ባልዲ ስጎትት እያየ ነው። አባዬ ካረፈ ጀምሮ እየጎተትኩ ነው፤ ወገቤ ግን አሁን እንቢ ብሏል። እኔም «የሽንኩርት ችግኙ ከመደቡ ተነቅሎ ማሳ ላይ እስከሚተከልበት እስከ ኅዳር አጋማሽ ውሃ ካላገኘሁ እሺ እልሃለሁ» ብዬዋለሁ። ታችኛው ማሳ ከሄደ የሚቀረኝ ጓሮ ነው፣ በጓሮ ብቻ ደግሞ ቤት አይቆምም።

ታዲያ ይሄ ወርክሾፓችሁ የሚተክለው የፀሐይ ፓምፕ እውነት ይሠራል? ናፍጣ አይጠጣም፣ አይጮህም፣ አያጨስም ትላለህ። እንዲህ ያለ ወንድ ተገኝቶ ቢሆን እኔም ሳላገባ አልቀርም ነበር። ክፍያውም ከየምርቱ ላይ በጥቂት በጥቂቱ ነው ማለትህ ልቤን አሳረፈልኝ።

የእማዬን ሳጥን ጠይቀኸኛል። ልብሷን ሰጥቻለሁ፤ ያስቀረሁት ዳንቴሉን ነው። አንተ ይህን አታውቅም። ስትሄድ «እማዬ፣ መብራት ይዤ እመጣለሁ» ብለሃት አልነበር? በዚያው ሰሞን ለመብራቱ የምትሆን አንዲት ትንሽ ዳንቴል ጀመረች። የመብራት ሰዎች መጥተው ምሰሶ ተከሉ፤ ሽቦው ሳይመጣ ምሰሶውን ምስጥ በላው። እሷ በየዓመቱ አንድ ረድፍ አበባ ስትጨምርበት አሥራ ዘጠኝ ረድፍ ሆኖ የአልጋ ልብስ አከለ። የመጨረሻውን ረድፍ ዓይኗ ሳያይ በጣቷ እየቆጠረች ነው የሠራችው፣ ኩራዙን አጠገቧ አድርጋ። ኩራዙ ምን ይሠራልሻል ስላት «ለክሩ ነው» ትለኛለች። ልታርፍ አካባቢ «መብራቱ ሲመጣ አልብሺልኝ» አለችኝ። እሺ ብያታለሁ።

ራስህን ጠብቅ። ብሎን አትዋጥ።

እህትህ

---

መስከረም 27 ቀን

እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ። የእኔ ደብዳቤ እንደ አንቺ ወሬ አያውቅም፣ ታገሽኝ።

ከዚህ ወረቀት ጋር ባለሙያችን ይመጣል። ሽበታም፣ ዝምተኛ ሰው ነው፤ ሥራው ንጹህ ነው። የያዘው ሁለት ሶላር፣ ወደ ጉድጓዱ የሚወርድ ፓምፕ፣ አንድ ሮቶ፣ አንድ አምፖል ከትንሽ ባትሪው ጋር ነው። ሶላሮቹን የሚሸከመውን ብረት ራሴ በየድኩት። ፓምፑ ባትሪ የለውም፤ ፀሐይ ስትወጣ ይነሳል፣ ስትገባ ይተኛል። ቀን ሮቶው ውስጥ የገባው ውሃ ነው ባትሪሽ።

አለቃዬን ያሳመንኩት በአንቺ ጉድጓድ ነው። ይህን ወቅት በደንብ ከሠራ በዚያ ሸለቆ ላሉት ትንንሽ ማሳዎች ሁሉ በተመሳሳይ ክፍያ እናቀርባለን ብሏል። ካልሠራ ደግሞ ያን አካባቢ እርሳው ብሎኛል፤ የሰው ነገር አይደለም፣ እዚያ ድረስ የሚያደርሰው የነዳጅና የመንገድ ወጪ ነገር ነው።

ራሴ ብመጣ ደስ ይለኝ ነበር። ወርክሾፑ ሥራ በዝቶበታል።

ስለ ዳንቴሉ ያልሽውን አንብቤ ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት። ስለሱ ሌላ ጊዜ እጽፍልሻለሁ።

ወንድምሽ

---

ጥቅምት 8 ቀን

የእናቴ ልጅ፣

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥራለሁ፣ ወሬው ስለሚያንቀኝ። ውሃው መጣ።

ሽበታሙ ባለሙያህ ሁለት ቀን ሙሉ አሥር ቃል አልተናገረም። ብረቱን ማንጎው አጠገብ ተከለና ሥሩን በሲሚንቶ ያዘው፣ ሽቦውን ዘረጋ፣ ፓምፑን በገመድ አወረደው። ከዚያ አንዲት ነገር ጫን አደረገና እጁን ኪሱ ከተተ። ጎማው መጀመሪያ ተነፈሰ፣ ቀጥሎ ጭቃ ተፋ፣ ከዚያማ እንደ ክንዴ ወፍሮ ፈሰሰልህ። በማግስቱ ሮቶው እኩለ ቀን ሳይሆን ሞልቶ በአናቱ ሲወርድ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ ሳቅሁ። ባለሙያው ያመመኝ መስሎት ወንበር አመጣልኝ።

ድምፅ ስለሌለው ነው ያሳቀኝ። አባዬ ባልዲ ሲስብ የሚያወጣው ድምፅ ትዝ ይልሃል? መዘውሩ ሲያለቅስ፣ እሱ በየቋጠሮው «እህ» ሲል? አንተና እኔ አልጋ ላይ ሆነን «እህ»ውን እንቆጥር ነበር፤ ሃያ ላይ ስንደርስ ባልዲው ወጣ ማለት ነው፣ ቀጥሎ «ተነሱ!» ይመጣል። ያ ሁሉ «እህ» አሁን የለም። አባዬ ቢያይ «ይሄ ውሃ በነፃ ነው እንዴ የሚወጣው?» ይል ነበር።

ባለሙያህ ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ «አቧራ ጠላቱ ነው። እንደ ዓይንሽ ጠብቂው» አለኝ። ከተናገረው ሁሉ ረጅሙ ይሄ ነው። እኔም እየጠበቅኩት ነው፣ አታስብ። ለእማዬ ቃል የገባሁላትንም እሱ በሄደ ማግስት አድርሼላታለሁ። እንዴት እንዳማረ ፎቶ ሲነሳ ታየዋለህ፣ አሁን አልነግርህም።

አምፖሉን ገና ከካርቶኑ አላወጣሁትም። መጀመሪያ ማሳው ይጠጣ፤ ሽንኩርቱ መሬት ሲይዝ እሰቅለዋለሁ።

ሰሞኑን ውሃው ትንሽ ቀነስ ያለ ይመስላል። ቤቱን እስኪለምድ ነው መሰለኝ።

እህትህ

---

ጥቅምት 20 ቀን

ለአቶ ብሎን፣

ጥያቄህ ከሰላምታህ በልጦ ስለመጣ እኔም ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ አንድ ባንድ እመልሳለሁ።

ፊቱ ወዴት ዞሯል? ባለሙያህ ባዞረው ነው፣ ንክች አላደረግኩትም። ሽቦውን አይጥ ነክሶታል ወይ? አልነከሰውም። ጉድጓዱ ጎድሏል ወይ? ገመዱን ሰደድኩት፤ ሃያኛው ቋጠሮ እርጥብ ወጣ። አቧራ ይዞታል ወይ? ይቺን እንኳ ባትጠይቀኝ ደስ ይለኝ ነበር። የሚስትህን አላውቅም እንጂ የኔ ሳህን እንደሱ አይጸዳም። አቧራ ድርሽ እንዳይልበት ያደረግኩለትን እኔ ነኝ የማውቀው።

ውሃውን ብትጠይቀኝ ነው የሚከፋኝ። ጠዋት ጭራሽ አይነሳም። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ትንሽ ያጉረመርምና እንደ ማንቆርቆሪያ አፍ ቀጥኖ ይወርዳል፤ ወዲያው ይተዋል። ሮቶው ግማሹን ካየ ቆየ። ለችግኝ መደቡ ይበቃል፣ ለማሳው ግን አይሆንም። ችግኙ አንድ ስንዝር አልፏል፤ ከሦስት ሳምንት በላይ አይጠብቀኝም።

ትላንት ናፍጣው ከአጥሩ በላይ አንገቱን አስግጎ «የብሎን እህት፣ ፀሐይሽ አረጀች እንዴ?» አለኝ።

«ያንተ ናፍጣ ሲያልቅ ፀሐይ አበድርሃለሁ» አልኩት።

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። አፌ ነው እንጂ ሆዴ ውስጥ ሳቅ አልነበረም። ጎረቤቶቹም በየሰበቡ ይመጣሉ፤ አንዷ ወንፊት ልትዋስ፣ አንዱ በግ ጠፍቶበት። ዓይናቸው ግን ሮቶው ላይ ነው። የኔ ካልሠራ የነሱም እንደማይመጣ ያውቃሉ።

ባለሙያው ታኅሣሥ ሳይገባ ከሌላ አገር አይመለስም ብለሃል። እሺ። አንተስ? ወርክሾፕ የሚያህል ነገር ሃያ ዓመት ሙሉ ሥራ ይበዛበታል? ልቆጣህ አይደለም። ለእማዬ ቀብር ለምን እንዳልመጣህ ጠይቄህ አላውቅም፣ አሁንም አልጠይቅም። የምጠይቅህ ስለ ውሃው ነው።

እህትህ

---

ጥቅምት 26 ቀን

እታለም፣

ሁለት ቀን ተቀምጬ አሰብኩበት። ፊቱ ትክክል ነው፣ ሽቦው ደህና ነው፣ ውሃው አለ፣ አቧራ የለም። የሚቀረው ጥላ ብቻ ነው። ባለሙያው በመዝገቡ ላይ «በስተምሥራቅ ትልቅ ማንጎ» ብሎ ጽፏል። ጠዋት አይነሳም ያልሽኝም ከዚህ ጋር ይገጥማል። አንድ ጥግ ላይ ጥላ ካረፈ ሶላሩ በሙሉ ይደክማል፤ ባሕርዩ ነው። ብረቱ በሲሚንቶ ስለተያዘ አንቺ ልታነሺው አትችይም፣ የሚያነሳው ሰው ደግሞ ከችግኙ በኋላ ነው የሚደርሰው።

ማንጎው መቆረጥ አለበት።

በተወለድኩ ዓመት እንደተተከለ አውቃለሁ። ችግኙን ቀጥ አድርገሽ የያዝሽው አንቺ እንደነበርሽም አባዬ ነግሮኛል። «የብሎን ዛፍ» ትሉት አልነበር? እንግዲያው ባለቤቱ ፈቅዷል። ቁረጪው።

የቀረውን ጥያቄሽን በሚቀጥለው እመልሳለሁ።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 5 ቀን

ወንድሜ፣

ተቆርጧል።

እንዴት እንደተቆረጠ አልጽፍልህም። መጋዙን ይዞ የመጣው ናፍጣው ነው፣ ሌላ ሰው መጋዝ የለውም። ሲጨርስ ኮፍያውን አውልቆ ቆመ። የሱም ልጅነት እዚያ ላይ ነው ያለፈው፤ ከሥሩ እንዲቆርጠው ብነግረውም ከወገቡ ላይ ነው የቆረጠው፣ እጄ አልሄድ አለኝ ብሎ። አባዬ ከአሥር ዓመትህ ጀምሮ ቁመትህን በቢላ የጫረበትን የግንዱን ቁራጭ አስቀርቼዋለሁ። ሌላው ለማገዶ ተወስዷል። ግቢው ድንገት ሰፍቶ የሰው ግቢ መሰለኝ፤ ጠዋት በሩን ስከፍት የት እንዳለሁ ጠፋኝ።

አራት ቀን ጠበቅሁ። ውሃው ያው ነው።

አንተን አልወቅስም፤ ከሩቅ ሆነህ የቻልከውን አደረግክ። መሣሪያው ምናልባት የኛን ፀሐይ አይወድ ይሆናል። ለናፍጣው በአሥራ አምስት እሺ እለዋለሁ። ችግኙንም እዚያው መደቡ ላይ እንዳለ ይውሰደው፣ ከሚሞት። አንድ አልጋ አዘጋጁልኝ። ልጆቹ ጋ አንድ ክፍል ቢሆንም ግድ የለኝም፤ አላንኮራፋም፣ ደግሞ ተረት አውቃለሁ።

ያልኩህን ፎቶ ልኬልሃለሁ። ማንጎው ሳይቆረጥ ነው የገበያው ፎቶ አንሺ የመጣልኝ፣ አጥቦ ያመጣው ግን ዛሬ ነው። እኔ ከፊት አለሁ፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ እንደ ወታደር ቆሜያለሁ። ከጎኔ ሶላሩ አለ፣ ከኋላ ማንጎው። ለእማዬ ቃል የገባሁላትንም እዚያው ታየዋለህ። እንግዲህ ቢያንስ እሱ አምሯል።

እህትህ

---

ኅዳር 10 ቀን

እታለም፣

ሌላውን ሳታነቢ በፊት ውጪና ዳንቴሉን ከሶላሩ ላይ አንሺው። ከዚያ ተመልሰሽ አንብቢ።

አነሳሽው?

ሶላር ፀሐይዋን በፊቱ ነው የሚበላው። ፊቱ ላይ የተከደነ ነገር ሁሉ፣ ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው፣ ጥላ ነው። ፎቶውን ሳየው የሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ሳቅ ያዘኝ፤ ቀጥሎ የሆነውን ግን ሳቅ አልለውም። አለቃዬ መጥቶ ትከሻዬን ያዘኝ። እንዴት ላስረዳው? ቤታችን ራዲዮው ዳንቴል ነበረው፣ ሰዓቱ ዳንቴል ነበረው፣ የወንበሩ ክንድ፣ የውሃው ጀግ ሁሉ ዳንቴል ነበረው። የከበረ ነገር ራቁቱን አይቆምም ነበር። በዚያ ቤት አድጌ ይህን ሳልጠይቅሽ መቅረቴ ነው የሚገርመኝ። «አልብሺልኝ» ማለቷን በመጀመሪያው ደብዳቤ ጽፈሽልኛል። ሮቶው ማንጎው ቆሞ እያለ እንደሞላም ጽፈሽልኛል። ሁለቱንም አንብቤያቸዋለሁ፤ አላየኋቸውም። ባለሙያ ነኝ ብዬ ከሩቅ በዛፍ ላይ ፈረድኩ።

ማንጎው በከንቱ ነው የተቆረጠው። ይህን ሌላ ሰው ከሚነግርሽ እኔ ልንገርሽ።

አንድ ያልነገርኩሽም አለ። ለእማዬ ቀብር መጥቼ ነበር። እስከ ኮረብታው ደርሻለሁ። ከዚያ ሆኜ ማንጎውን አየሁት፣ ከሥሩ የተሰበሰበውን ሰውም አየሁ። መብራት ይዤ እመጣለሁ ብዬ ሄጄ በእጄ የያዝኩት አንድ ቦርሳ ነበር። እግሬ አልወርድ አለኝ። በዚያው አውቶቡስ ተመለስኩ። ወርክሾፑ ሥራ አልበዛበትም።

ሾፌሩ ሞተሩን አስነስቶ ይህን ደብዳቤ እየጠበቀ ነው። ለናፍጣው እሺ አትበይው።

ወንድምሽ

---

ኅዳር 16 ቀን

የእናቴ ልጅ፣

እንዳልከኝ ሳላነብ ወጣሁ። ዳንቴሉን አራቱም ጥግ ላይ በክር አጥብቄ ነበር ያሰርኩት፣ ነፋስ እንዳይወስደው። የመጨረሻውን ክር ስፈታ ፓምፑ ከጉድጓዱ ውስጥ እንደ ድመት አጉተመተመ። ከጎማው የፈነዳው ውሃ እግሬን አራሰኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ አይደለም፣ እፍረት ነው። ዙሪያዬን አየሁ ሰው እንዳለ።

ሰው ነበር። ናፍጣው አጥሩ ላይ ነበር። ዳንቴሉን በእጄ እንደያዝኩ ውሃውን አየ፣ እኔን አየ፣ ደግሞ ጉቶውን አየ። ይስቃል ብዬ ጥርሴን ነክሼ ስጠብቅ «ችግኙን መቼ ነው የምናዛውረው?» አለኝ። በማግስቱ ከሚስቱ ጋር መጥቶ ሲተክልልኝ ዋለ፤ ተከልነው፣ አበቃ፣ ታችኛው ማሳ በሙሉ ጠጥቷል። የተቀጠረው ቀን ትላንት ነበር። ሁለታችንም ነገሩን አላነሳነውም።

አሁን ስቄ እጽፋለሁ እንጂ ደብዳቤህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ተቀይሜህ ነበር። በማንጎው ነው። ራሴንም አልማርኩም። ባለሙያው እንደ ዓይንሽ ጠብቂው ሲለኝ፣ ዓይን ሲጠበቅ የሚከደን አይደለም እንዴ? ቀዳዳም አለው፣ ፀሐይዋ በየአበባው መሐል ትገባለች ብያለሁ። እኔ ብቻ ብሆን ደግሞ ጥሩ ነበር፤ ወንፊት የምትዋሰኝ ጎረቤቴ የመሣሪያው አካል መስሏት የሷ ሶላር ሳይመጣ ዳንቴል ጀምራለታለች። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ስትደርስ ነው የነገርኳት። «ታዲያ ምን ላድርገው?» ብትለኝ ለራዲዮሽ አልኳት።

ስለ ኮረብታው። እሱንማ አውቅ ነበር። ከቀብር ስንመለስ ቀና ስል ላይ የቆመ ሰው አየሁ። አንድ ትከሻህን ዝቅ አድርገህ የምትቆመውን አቋቋም እኔ አጣዋለሁ? ብጠራህ ትሰማኝ ነበር። አልጠራሁህም። ይውረድ እስቲ፣ ራሱ ይውረድ ብዬ ጠበቅሁ። አውቶቡሱ ሲያጓራ ሰማሁ። ያንተ ጥፋት እንደሆነ የኔም ጥፋት ነው፤ ስለዚህ ስለ ማንጎውም ስለሱም እዚህ ላይ እንተወው። አልጋውን ለጊዜው አትዘርጉት።

እህትህ

---

መጋቢት 4 ቀን

ለአቶ ብሎን፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ ስጠይቅህ መልሱን ሾፌሩ ቀድሞ ነግሮኛል፤ ወፍረሃል አሉ። እኔም ደህና ነኝ፤ ወገቤም ዘንድሮ ባልዲ ስላልያዘ ታርቆኛል።

ሽንኩርቱ ተነቅሎ ተነጥፏል። ቤቱ ሁሉ ሽንኩርት ይሸታል፤ እንግዳ ሲመጣ የማለቅስለት ይመስለዋል። ከምርቱ ላይ ለወርክሾፑ የሚደርሰውን ሾፌሩ ይዟል። አለቃህም ቃሉን ጠብቋል፤ ወንፊቷ ጎረቤቴን ጨምሮ ለሦስት ሰዎች ተተክሎላቸዋል፣ ሌሎቹ ተራ ይዘዋል። ሽበታሙ ባለሙያህ እኔን ሲያይ ፎቶውን አይቶ ኖሮ ፊቱን አዙሮ ሳቀ። ጥርስ እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው። ናፍጣውም ባለፈው ሳምንት መጣና ጉሮሮውን ጠርጎ ጠርጎ «ለኔስ አይሆንም ይሆን?» አለ።

«ይሆናል» አልኩት።

«ዳንቴሉ አብሮ ነው የሚመጣው?»

ይህቺን እስከ ዕለተ ሞቴ አይተዋትም።

አንድ የሚገርም ነገር ልንገርህ፤ ያ የናፍጣ ፓምፑ ዱዱዱ ሲል ስረግመው ነው የኖርኩት፣ አሁን ሲጠፋ ጆሮዬ ይፈልገዋል። የጠፋ ነገር ሁሉ ካለፈ በኋላ ጥሩ ይመስላል መሰለኝ። የአባዬን «እህ»ም እንደዚያው ነው የምፈልገው።

ዳንቴሉ ይቃጠል ይሆን ብዬ ጠይቄህ አምፖሉ አይግልም ብለህ ስለመለስክልኝ እንዲህ አደረግኩ። ሽንኩርቱ መሬት ሲይዝ እሰቅለዋለሁ ያልኩህን አምፖል ሽንኩርቱ ከመሬት ሲወጣ ሰቀልኩት፤ ልቤ እስኪያምን ነው። ዳንቴሉን አጥቤ፣ በስታርች አድርቄ፣ ከጣሪያው ላይ እንደ ጃንጥላ በዙሪያው አወረድኩት። ሲመሻሽ አበራሁት። ወንድሜ፣ አሥራ ዘጠኙም ረድፍ አበባ ግድግዳው ላይ ወጣ። በሩ ላይ፣ ሳጥኑ ላይ፣ እጄ ላይ። እስከ ዛሬ የማላውቀውን አየሁ፤ የመጨረሻዋ ረድፍ፣ ዓይኗ ሳያይ የሠራቻት፣ ከሁሉ እኩል ናት፣ አንዲት ቀዳዳ እንኳ አልተሳሳተችም። ኩራዙን ለክሩ ነው ያለችኝ ለካ እውነቷን ነው፤ ለሷማ አላስፈለጋትም። አልብሺልኝ ያለችኝን በስንት ጥፋት ቦታው አደረስኩት።

ማንጎውም አልሞተም። ናፍጣው እጄ አልሄድ አለኝ ብሎ ከወገቡ የተወው ጉቶ ዙሪያውን አቆጥቁጧል፤ ቅጠሉ እንደ ሕፃን ጆሮ ቀይ ነው። ጥላ ይሆናል ብለህ ደግሞ እንዳትጽፍልኝ፤ እስከዚያ ብረቱን የሚያዛውር ሰው አይጠፋም። ቁመትህ ያለበት ግንድ በሩ ጋ ቆሟል። አሥራ ስምንት ዓመትህ ላይ ያለችው ምልክት የመጨረሻዋ ናት፤ ከዚያ በላይ ባዶ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ሽንኩርቱ ከተነሳ በኋላ ምን ይይዝሻል፣ ለምን አትመጪም ብለሃል። አልመጣም። ሮቶው በየቀኑ ይሞላል፣ ሞልቶ የሚያየው ሰው ሳይኖር መዋል የለበትም፣ ቀጥሎ ቲማቲም ነው የምተክለው። አልጋውን ለልጆቹ መልሱላቸው።

አንተ ና። ምንም አትያዝ፣ መብራቱ ደርሶኛል። ኮረብታው ላይ ስትደርስ ማንጎውን ብትፈልግ አይታይህም፤ ቤቱን የሳትክ እንዳይመስልህ። ወደ ታች ስታይ አንድ የሚያብለጨልጭ ነገር አለ፣ ዛሬ ምንም አልለበሰም። እሱን እያየህ ውረድ።

እህትህ